ሱዶ 1.9.15ፒ5 ያለበት ላብ፦ ተማሪው የሱዶ መብት ባይኖረውም ያሰጋል?

ላብ_ለገጣፎ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለገጣፎ ያለ የኮሌጅ ላብ ነው። ኮምፒውተሮቹ ኡቡንቱ 24.04፣ አሮጌዎቹ 22.04 ናቸው። ስለ ሲቪኢ-2025-32463፣ ማለትም ተራ ተጠቃሚን ሩት (የኮምፒውተሩ ሙሉ አዛዥ) ሊያደርግ ስለሚችለው የሱዶ (ትእዛዝን በሩት ሥልጣን የሚያስኬድ ፕሮግራም) ክፍተት ሰምቼ "ሱዶ ዳሽ ትልቁ ቪ" ብል 24.04ቶቹ 1.9.15ፒ5 ይላሉ፤ አፕዴት ተደርጎም ቁጥሩ ያው ነው። ተማሪዎቹ ሱዶየርስ (ሱዶ የተፈቀደላቸው ዝርዝር) ውስጥ የሉም፣ ጂሲሲም (ኮድን ኮምፓይል አድርጎ ወደ ፕሮግራም የሚቀይረው) ተነሥቷል። ይበቃል ወይ? ኔትወርኩ ደካማ ስለሆነ ሁሉንም ፓኬጅ ማውረድ አይቻልም።

ተርሚናል፦
አይበቃም ወንድሜ። የዚህ ክፍተት ክፋቱ ሱዶየርስ ውስጥ ስም አለመፈለጉ ነው። ከ1.9.14 ጀምሮ ሱዶ በ"ዳሽ ትልቁ አር" የተሰጠውን ፎልደር እንደ ዋናው ሩት ፎልደር ቆጥሮ ይገባበታል፤ ሰውየው ይፈቀድለት አይፈቀድለት የሚያጣራው እዚያው ውስጥ ሆኖ ነው። ሲያጣራ ኤንኤስስዊች ዶት ኮንፍ የሚባለውን፣ የተጠቃሚ ስም ከየት እንደሚፈለግ የሚናገረውን ፋይል ያነባል። ፎልደሩን ተማሪው ከሠራው ፋይሉንም የጻፈው እሱ ነው፤ ፋይሉ የጠራውን ላይብረሪ (ሌላ ፕሮግራም ውስጥ ገብቶ የሚሠራ ኮድ) ደግሞ ሱዶ በሩት ሥልጣን ይጭነዋል። "አልተፈቀደልህም" እስኪባል ነገሩ አልቋል። ጂሲሲን ማንሣትም ከንቱ ድካም ነው፤ ቤቱ ኮምፓይል አድርጎ በፍላሽ ያመጣዋል።

ቁጥሩ አያሳስትህ። የሱዶ አዘጋጆች ክፍተቱን የዘጉት እ.ኤ.አ. ሰኔ 30 ቀን 2025 በወጣው 1.9.17ፒ1 ነው፤ ኡቡንቱ ግን ማስተካከያውን ብቻ ወስዶ በነበረው ቨርዥን ላይ ጨመረው። "ዲፒኬጂ ዳሽ ትንሹ ኤል ሱዶ" በልና ሙሉውን የፓኬጅ ቁጥር እይ። 1.9.15ፒ5-3ኡቡንቱ5 ላይ ካበቃ ክፍት ነው፤ ከኋላው 24.04.1 ወይም ከዚያ የበለጠ ከተቀጠለ ተዘግቷል።

ገመድ_ዘርጊ፦
ለኔትወርኩ መላ አለው። አንድ 24.04 ላይ "አፕት አፕዴት"፣ ቀጥሎ "አፕት ዳውንሎድ ሱዶ" በል፤ አንድ ሜጋባይት ገደማ የሆነ የዴብ (የኡቡንቱ መጫኛ) ፋይል ይወርዳል። በፍላሽ እያዞርክ በ"ዲፒኬጂ ዳሽ አይ" ጫነው። ሪስታርት አያስፈልግም፤ ሱዶ በተጠራ ቁጥር አዲስ ነው የሚነሣው።

"አፕት አፕዴት" የሪሊዝ ፋይሉ ገና አልጸናም እያለ እምቢ ካለ ሰዓቱን ተመልከት። መብራት በሚጠፋበት አካባቢ የማዘርቦርዱ ባትሪ ያለቀበት አሮጌ ኮምፒውተር መብራቱ በመጣ ቁጥር ሰዓቱ ወደ ኋላ ይሄዳል። ሲአር2032 ባትሪ ቀይርለት። ዲፒኬጂ ተቆልፏል ካለህ ደግሞ አውቶማቲክ አፕዴቱ እየሠራ ይሆናል፤ ጠብቀው እንጂ የመቆለፊያ ፋይሉን አታጥፋ።

ኮምፒውተሮቹ ሲነሡ ወደ ድሮ ኢሜጅ (የተቀመጠ የሲስተም ቅጂ) የሚመለሱ ከሆነ ግን መጀመሪያ ዋናውን ኢሜጅ አስተካክል፤ አለበለዚያ ነገ ጠዋት የሠራኸው ሁሉ የለም።

ላብ_ለገጣፎ፦
እግዜር ይስጥልኝ። 22.04ቶቹስ?

ተርሚናል፦
እነሱ 1.9.9 ስለሆኑ ይሄኛው አይነካቸውም። አብሮ የወጣው ሌላው የሱዶ ክፍተት፣ ሲቪኢ-2025-32462፣ ግን ይነካቸዋል፤ እሱ የሚጎዳው ሱዶየርስ ውስጥ በኮምፒውተር ስም የተለየ ፈቃድ ሲኖር ነው። አንድ ላብ ውስጥ ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር የለም፤ ቢሆንም 1.9.9-1ኡቡንቱ2.5 ወይም ከዚያ በላይ አድርጋቸው።

ሳትዘጋው በፊት የገባ ካለ ማሻሻሉ አያስወጣውም። ኦውዝ ዶት ሎግ (የመግቢያና የሱዶ ምዝገባ ፋይል) ውስጥ በትልልቁ "ቻሩት" ተብሎ የተመዘገበ የሱዶ መስመር ፈልግ፤ ባታገኝም አትመን፣ ላይብረሪው የሚጫነው ከምዝገባው በፊት ነው። የፓስወርድ ፋይሉ ላይ ቁጥሩ ዜሮ (የሩት ቁጥር) የሆነ ከሩት ሌላ ተጠቃሚ፣ ሆም ወይም ቴምፕ ውስጥ ደግሞ ሴትዩአይዲ (ማንም ቢያስኬደው በባለቤቱ ሥልጣን እንዲሠራ የሚያደርግ ምልክት) የተሰጠው ፋይል ካገኘህ ያን ኮምፒውተር ከመጠገን እንደገና መጫን ይሻላል።