ድብርት ለሌለበት ሰው የድብርት መድኃኒት፦ ለፓኒክ ሕመም ተገቢ ነውን?

ጥያቄ አቅራቢ፦
ለስምንት ወራት ያህል ያለ ምንም ምክንያት ልቤ በኃይል ይመታ፣ እጆቼ ይደነዝዙ፣ ትንፋሽም ያጥረኝ ነበር። ሁለት ጣቶቼን አንገቴ ላይ አድርጌ የልብ ምቴን መቁጠር ልማድ ሆኖብኝ ነበር። የልብና የታይሮይድ ምርመራው ጤነኛ መሆኔን ካሳየ በኋላ ሕመሙ ፓኒክ፣ ማለትም ድንገተኛ የፍርሃት ማዕበል እንደሆነ ተነግሮኝ ሰርትራሊን የተባለ መድኃኒት ታዘዘልኝ። በማሸጊያው ውስጥ ያለውን ወረቀት ሳነብ ግን በመጀመሪያው መስመር ላይ ያገኘሁት «ለድብርት» የሚለውን ቃል ነው። እኔ ድብርት የለብኝም፤ ሥራዬን እወዳለሁ፣ የምፈራውም ያ ድንገተኛ ድንጋጤ ተመልሶ እንዳይመጣብኝ ብቻ ነው። ታዲያ ይህን መድኃኒት መውሰዴ ተገቢ ነው ትላላችሁ?

ተቃዋሚ፦
ተገቢ አይደለም ባይ ነኝ። እህቴ የገለጽሽው ፍርሃት ነው፤ ፍርሃት ደግሞ የሚለቀው ሲጋፈጡት ነው። እነዚህ መድኃኒቶች የሚሠሩት በሴሮቶኒን፣ ማለትም በአንጎል ውስጥ መልእክት በሚያስተላልፍ ንጥረ ነገር ላይ ነው፤ ድብርት «የሴሮቶኒን ማነስ ነው» ሲባልም ለዓመታት ሰምተናል፤ እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ሰፊ የጥናቶች ግምገማ ግን ድብርት በሴሮቶኒን ማነስ እንደሚመጣ የሚያሳይ ወጥ ማስረጃ እንደሌለ ደምድሟል። ለድብርት እንኳን ይህ ከሆነ፣ ለፓኒክ በምን መሠረት ይታዘዛል? እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ በ312 የፓኒክ ሕሙማን ላይ የተደረገ ጥናትም ኢሚፕራሚን የተባለውን የቀድሞ የድብርት መድኃኒትና የባሕርይና የአስተሳሰብ ሕክምናን አነጻጽሮ ነበር። በሕክምናው ወቅት ሁለቱም ጠቅመዋል፤ ሕክምናው ከቆመ ከስድስት ወር በኋላ ግን የተሻሉ ሆነው የተገኙት ያለ መድኃኒት የሠለጠኑት ናቸው። ሁለቱን ደርበው ከወሰዱት እንኳ ብዙዎቹ ያገኙትን ለውጥ ይዘው መቆየት አቅቷቸዋል።

ፋርማሲስት፦
ወንድሜ የጠቀሱት ጥናት እውነተኛ ነው፤ አሳንሼ አላየውም። ነገር ግን ስሙ እንዳያስፈራን ልለምን። «ፀረ-ድብርት» የሚለው መጠሪያ መድኃኒቶቹ መጀመሪያ የታወቁበትን ሕመም እንጂ የሚሠሩትን ሥራ ሁሉ አይገልጽም። ዶናልድ ክላይን የተባለው አሜሪካዊ የሥነ አእምሮ ሐኪም ኢሚፕራሚን የፓኒክን ድንጋጤ እንደሚያስቆም ያስተዋለው ገና እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሲሆን፣ ፓኒክ ራሱን የቻለ ሕመም ሆኖ በአሜሪካ የምርመራ መመሪያ የገባው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1980 ነው። አሠራሩ ሙሉ በሙሉ አልታወቀም ማለት ጥቅሙ አልተፈተነም ማለት አይደለም።

እኔን የሚያሳዝነኝ ሌላ ነው። በመስኮቴ ፊት ከሚቆሙት ሰዎች ብዙዎቹ የሚጎዱት በመድኃኒቱ ሳይሆን ሳይነገራቸው በቀረው ነገር ነው። መድኃኒቱ በተጀመረ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጭንቀትን፣ የሰውነት መንቀጥቀጥንና የእንቅልፍ ማጣትን ሊያባብስ ይችላል፤ ጥቅሙ የሚታየው ግን ከሁለት እስከ ስድስት ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። ልቡ በመታ ቁጥር የሚሞት የሚመስለው ሰው ይህን ሳያውቅ ሲጀምር፣ በሦስተኛው ቀን ክኒኑን ጥሎ «መድኃኒቱ ሊገድለኝ ነበር» ቢል ይፈረድበታል? ለዚህ ነው ሰርትራሊን ለፓኒክ በ25 ሚሊ ግራም ተጀምሮ ከሳምንት በኋላ ወደ 50 የሚያድገው። ዕድሜያቸው እስከ 24 ለሆኑ ወጣቶች ደግሞ ራስን የማጥፋት ሐሳብ ሊጨምር ስለሚችል በተለይ በጅማሬው የቅርብ ክትትል ያስፈልጋቸዋል።

አቋራረጡም እንደዚሁ ነው። በድንገት ሲቆም ማዞር፣ ማቅለሽለሽና በጭንቅላት ውስጥ እንደ ኤሌክትሪክ ንዝረት ያለ ስሜት ሊመጣ ይችላል፤ ከተመሳሳይ መድኃኒቶች መካከል ፓሮክሴቲን ላይ ይብሳል፣ ከሰውነት ቀስ ብሎ የሚወጣው ፍሉኦክሴቲን ላይ ይቀላል። ታካሚው ይህን ሁሉ «ሕመሜ ተመለሰ» ብሎ ይተረጉመዋል። በእርግጥ የሚመለስበትም ጊዜ አለ፤ የጭንቀት ሕሙማንን የመረመሩና እ.ኤ.አ. በ2017 ተጠቃለው የታተሙ 28 ጥናቶች፣ ከተሻላቸው በኋላ መድኃኒቱን ካቆሙት 36 በመቶ፣ ከቀጠሉት ደግሞ 16 በመቶ የሚሆኑት እንዳገረሸባቸው አሳይተዋል። በአንጻሩ ዲያዜፓምና አልፕራዞላም የተባሉት ማረጋጊያ መድኃኒቶች ወዲያው ስለሚያረጋጉ የተሻሉ ይመስላሉ፤ ሰውነት ግን ፈጥኖ ይለምዳቸዋል፣ እነሱን መተው ደግሞ እጅግ ይከብዳል።

ተቃዋሚ፦
ስለ አጀማመሩና ስለ አቋራረጡ የተባለውን እቀበላለሁ። ሆኖም ሰው ሲሻለው ድኗል እንላለን ወይስ ክኒኑ ደግፎታል? ሕክምናው በቆመ ጊዜ ከሦስት ሰው አንዱ የሚያገረሽበት ከሆነ ጥያቄዬ አሁንም አልተመለሰልኝም።

የሥነ ልቦና ባለሙያ፦
እኔ የማክመው በንግግርና በልምምድ ስለሆነ ለወንድማችን ሐሳብ ማድላት ይጠበቅብኝ ይሆናል። በምሠራው ሕክምና ታካሚው ወንበር ላይ እየተሽከረከረ ማዞርን፣ በቀጭን መምጠጫ እየተነፈሰ መታፈንን ሆን ብሎ ይለማመዳል፤ ስሜቱ በአብዛኛው በአሥር ደቂቃ ውስጥ ከፍተኛው ላይ ደርሶ እንደሚበርድም በገዛ ሰውነቱ ያየዋል። ይህን ግን ከቤት መውጣት ያቃተው ሰው እንዴት ይጀምረው? መድኃኒት ከቤት አውጥቶ እኔ ዘንድ ያደረሳቸውን ሰዎች አይቻለሁ፤ ያለ እሱ የዳኑትንም እንዲሁ። ስለዚህ መለካት ያለበት ሕመሙ የታካሚውን ኑሮ ምን ያህል እንዳጠበበው ነው።

ጥያቄ አቅራቢ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሲታዘዝልኝ ስለ መጀመሪያው ሳምንትም ሆነ ስለ ማቆሚያው የነገረኝ ሰው አልነበረም፤ ሐኪሙም አላነሳልኝ፣ እኔም መጠየቅ እንዳለብኝ አላወቅሁም። ነገ ተመልሼ በስንት ሚሊ ግራም እንደምጀምር፣ መቼ እንደምንገናኝ፣ ከተሻለኝ በኋላ ስንት ወር ቆይቼ በምን ዓይነት ቅነሳ እንደማቆም፣ የልምምዱን ሕክምናም ጎን ለጎን ማግኘት እችል እንደሆነ እጠይቃለሁ። እነዚህ ከተመለሱልኝ ክኒኑን እጀምራለሁ።