ግድብ በጦርነት ሲፈርስ ጉዳቱ የት ድረስ ይሄዳል? የካኮቭካ ግድብ ጉዳይ

መምህር ከሸዋበር፦
ሰላም ለእናንተ ይሁን። ደሴ ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። ስለ ወንዞችና ግድቦች በምናስተምርበት ጊዜ ተማሪዎቼ ግንቦት 29 ቀን 2015 ዓ.ም. ንጋት ላይ ዩክሬን ውስጥ በዲኒፕሮ ወንዝ ላይ ስለፈረሰው የካኮቭካ ግድብ ደጋግመው ይጠይቁኛል። ጎርፉን በቴሌቪዥን ስላዩ፣ ውኃው ከግድቡ በታች ካለችው ከኬርሶን ከተማ ሲሸሽ መከራውም አብሮ ያለፈ ይመስላቸዋል። እኔ ግን የከፋው ጉዳት ከጎርፉ በኋላ የመጣው ነው ብዬ አስባለሁ። ከግድቡ በላይ ያለው ሕዝብ ምን ደረሰበት? ግድብን ማፍረስስ በጦርነት ሕግ የተከለከለ አይደለም ወይ? በሙያው ያላችሁ ብታስረዱኝ ለተማሪዎቼ ትልቅ እገዛ ነው።

ቦርከና ዳር፦
መምህር፣ ሐሳብዎ ትክክል ነው። ኮምቦልቻ አካባቢ በመስኖ ሥራ ላይ የተሰማራሁ መሐንዲስ ነኝ፤ ስለዚህ የማውቀውን ላካፍልዎት።

እ.ኤ.አ. በ1956 የተጠናቀቀው ይህ ግድብ ቁመቱ 30 ሜትር ያህል ብቻ ቢሆንም ወደ 18 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ የሚይዝ ነበር። ከግድቡ ጀርባ የተኛው ሰው ሠራሽ ሐይቅ 240 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝም ነበር፤ ስፋቱም ከ2,100 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነበር። ተማሪዎችዎ የሐይቅ ከተማውን ሐይቅ ስለሚያውቁት፣ እርሱ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ መሆኑን ቢነግሯቸው ልዩነቱ ወዲያው ይገባቸዋል። ግድቡ ከየካቲት 2014 ዓ.ም. ጀምሮ በሩሲያ ጦር እጅ ነበር፤ ሩሲያና ዩክሬን ግን አፍራሹ አንተ ነህ እያሉ እርስ በርስ ይካሰሳሉ። በርካታ የምሕንድስና ባለሙያዎች የደረሱበት ድምዳሜ ግድቡን ከውስጥ የደረሰ ፍንዳታ እንዳፈረሰው ነው። ከዚያ በፊትም ቢሆን የውኃ መልቀቂያ በሮቹን በወጉ የሚከፍትና የሚዘጋ ስላልነበረ፣ በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ውኃው ከወትሮው እጅግ ከፍ ብሎ በበሮቹ ላይ ተርፎ ይፈስ ነበር።

ከግድቡ በታች የሆነውን ዓለም አይቶታል። ዝቅተኛ በሆነው የግራ ዳርቻ ያሉት እንደ ኦሌሽኪ ያሉ ከተሞች ክፉኛ ተጎዱ፤ ጎርፉ የተቀበሩ ፈንጂዎችን፣ የሞተር ዘይትንና የመጸዳጃ ቤት ፍሳሽን እየጠራረገ ወደ ጥቁር ባሕር ወሰደ። ፈንጂው ከነበረበት ቦታ ተነሥቶ ማንም በማያውቀው ማሳ ላይ ማረፉ ለገበሬው ከጎርፉ የማይተናነስ አደጋ ነው።

ከግድቡ በላይ ያለው ግን ተቃራኒው ነው የደረሰበት። እዚህ ቦርከና ላይ ወንዝ ጠልፎ የሚያጠጣ ገበሬ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ የወንዙ ከፍታ ከቦዩ አፍ ዝቅ ካለ፣ ወንዙ እየፈሰሰ እንኳ ቦዩ ባዶውን ይቀራል። በካኮቭካ የሆነው ይኸው ነው። ኒኮፖልና ሌሎች የዳርቻው ከተሞች፣ ከፊሉን የክሪቪ ሪህ ከተማ ጨምሮ፣ የመጠጥ ውኃቸውን ከዚያ ሐይቅ ነበር የሚያገኙት፤ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት 700 ሺህ ያህል ሰው የመጠጥ ውኃ ችግር ላይ መውደቁን አስታውቋል። የዩክሬን ግብርና ሚኒስቴር በበኩሉ በኬርሶን ክልል ካሉት የመስኖ አውታሮች 94 በመቶው ውኃ አልባ መሆናቸውን ገልጿል። ቦዩ ሳይሰበር፣ ፓምፑ ሳይነካ፣ መሬቱ ደረቀ ማለት ነው። ወደ ክሪሚያ የሚሄደው ቦይም የሚጠለፈው ከዚያው ሐይቅ ነበር።

ሰብለ ከቧንቧ ውኃ ሠፈር፦
ወንድሜ እንዳሉት ነው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴ በደረሰ ጊዜ መብራት ሲጠፋ ፓምፑም ቆመና ቢጫ ጀሪካን ይዘን ምንጭ ለምንጭ ስንዞር ከረምን፤ በሠፈራችን ሕፃናት ላይ ተቅማጥ የበረታውም ያኔ ነበር። የእኛው መብራቱ ሲመለስ ተመለሰ። የእነዚያ ከተሞች ነዋሪ ግን የሚመለስ ሐይቅ የለውም፤ ከሩቅ ቦታ አዲስ ዋና መስመር እስኪዘረጋ መጠበቅ ነበረበት። እኔን የሚያስጨንቀኝ ሌላው ነገር የኒውክሌር ማመንጫው ነው፤ ማቀዝቀዣ ውኃውን ከዚያው ሐይቅ ነበር የሚወስደው ይባላልና፣ እንዴት ከአደጋ ተረፈ?

ቦርከና ዳር፦
እኅቴ፣ የዛፖሪዢያ ማመንጫ በአውሮፓ ትልቁ ሲሆን ስድስት ሪአክተሮች አሉት። ግድቡ ሲፈርስ ግን ኤሌክትሪክ ማመንጨት ካቆመ ወራት አልፈው ስለነበር የሚያስፈልገው የማቀዝቀዣ ውኃ በእጅጉ ቀንሶ ነበር። ከዚህም ሌላ ከሐይቁ በግንብ የተለየ የራሱ ኩሬ አለው፤ ኋላም የከርሰ ምድር ውኃ ጉድጓዶች ተቆፈሩለት። ስድስቱም በሙሉ ኃይል ይሠሩ ቢሆን ኖሮ አደጋው ሳይደርስ መፍትሔ ለመፈለግ የሚቀረው ጊዜ እጅግ ያጥር ነበር።

ሀረጎ፦
ስለ ሕጉ የተጠየቀውን ልመልስ። እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣው የጄኔቫ ስምምነቶች አንደኛ ተጨማሪ ፕሮቶኮል በአንቀጽ 56 ግድቦችን፣ የውኃ መከላከያ ካቦችንና የኒውክሌር ኃይል ማመንጫዎችን ለይቶ ይጠብቃል። ወታደራዊ ዒላማ ሊባሉ በሚችሉበት ጊዜ እንኳ፣ የሚለቀቀው ኃይል በሰላማዊ ሕዝብ ላይ ከባድ እልቂት የሚያደርስ ከሆነ ጥቃት አይፈጸምባቸውም። በአንድ መስመር የተደረደሩ ሦስት ደማቅ ብርቱካናማ ክቦች መለያ ምልክታቸው ናቸው። ሩሲያም ዩክሬንም የፕሮቶኮሉ አባላት ናቸው፤ አገራችንም እ.ኤ.አ. በ1994 ተቀብላዋለች።

ደካማ ጎኑ ግን፣ ግድቡ ለጦር ሥራ መደበኛ፣ ጉልህና ቀጥተኛ ድጋፍ ከሰጠና ድጋፉን ለማስቆም ሌላ መንገድ ከታጣ ጥበቃው ሊነሣ እንደሚችል መደንገጉ ነው። በእኔ እምነት ይህ በር ከሚገባው በላይ ሰፊ ነው። ሕጉ ከመውጣቱ በፊት የሆነውን ማስታወስ ይበቃል፦ እ.ኤ.አ. በ1938 የቻይና ጦር የጃፓንን ግስጋሴ ለመግታት የቢጫ ወንዝን ካብ ሲያፈርስ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ የገዛ አገሩ ገበሬዎች አለቁ። ዲኒፕሮ ራሱም ለዚህ አዲስ አይደለም፤ ነሐሴ 1941 እ.ኤ.አ. የሶቪየት ጦር ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ ከካኮቭካ በላይ ያለውን የዛፖሪዢያ ግድብ በፈንጂ አፍርሶታል።

መምህር ከሸዋበር፦
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በመጨረሻ አንድ ልጠይቅ፦ ግድቡ እንደገና ይሠራል?

ቦርከና ዳር፦
ጦርነቱ በዚያ ወንዝ ዳር ሳይቆም ሥራ ሊጀመር አይችልም። በዚያ ላይ የሐይቁ ወለል በአኻያ ዛፍ ደን ተሸፍኗል፤ የተፈጥሮ ሳይንስ ሰዎች ደኑ ይቆይ ሲሉ፣ ውኃና መስኖ የሚያስፈልጋቸው ደግሞ ግድቡ ይመለስ ይላሉ። እኔ ከገበሬው ጋር የምውል ሰው በመሆኔ ከኋለኞቹ ወገን ነኝ።