ሮበርትሰን ጎንበስ ስላለ ጎል ከተሻረ የስቶንስ ጎል እንዴት ፀደቀ?

የማርቆስ ቀይ፦

ሰላም ለሁላችሁም፣ ደብረ ማርቆስ ነኝ፣ ሊቨርፑል ነኝ። ደጋፊነቴን ለጊዜው ተዉትና አንድ ነገር በደንብ የሚያስረዳኝ ሰው እፈልጋለሁ፣ እኛ ሰፈር ዲኤስቲቪ ቤት በዚህ ጉዳይ ሰው ሊደባደብ ምንም አልቀረውም ነበር፣ እስካሁን የማይነጋገሩ ልጆች አሉ።

ሁለት ጎሎች ናቸው። አንደኛው ኦክቶበር 20፣ 2024፣ ወልቭስ ከሲቲ 1 ለ 1 ሆነው ባለቀ ሰዓት ኮርና ተሻማ፣ የሲቲው ጆን ስቶንስ በግንባሩ ገጭቶ አገባ። የሲቲው በርናርዶ ሲልቫ ኦፍሳይድ ቦታ (ከተከላካዮቹ ያለፈ ቦታ) ላይ ነው፣ የወልቭሱ በረኛ ሆዜ ሳ አጠገብ። መጀመሪያ ተሻረ፣ ከዛ ቫር (በቪዲዮ የሚያየው ዳኛ) የሜዳውን ዳኛ ወደ ሞኒተር ጠራው፣ አይቶ ተመልሶ ጎል ነው አለ። ሲቲ 2 ለ 1 ወጣ።

ሁለተኛው ኖቬምበር 9፣ 2025፣ እሁድ ምሽት 1:30 የነበረው፣ ሲቲ ከኛ። 1 ለ 0 እየተመራን ሳላህ ኮርና አሻማ፣ ቫንዳይክ ገጭቶ አገባ። የኛው ሮበርትሰን ኦፍሳይድ ቦታ ላይ ነበር፣ ኳሷ ስትመጣ እንዳትነካው ጎንበስ አለ፣ አልነካትም፣ አልፋ ገባች። የመስመር ዳኛው ባንዲራ አነሳ፣ ቫር ትክክል ነው አለ፣ አለቀ። 1 ለ 1 ሊሆን የነበረው ጨዋታ 3 ለ 0 ተጠናቀቀ።

በሁለቱም ኦፍሳይድ ላይ ያለው ልጅ ኳስ አልነካም፣ በሁለቱም በረኛው አጠገብ ነው። አንዱ ፀደቀ አንዱ ተሻረ። እንዴት ነው ነገሩ? ባይገባን ምን ይገርማል። «ሊቨርፑል ስለሆንክ ነው» ምትሉኝ ካላችሁ እሱን ሰምቻለሁ፣ ህጉን ንገሩኝ።

---

ማንቼ ዳንግላ፦

ወንድሜ ህግ ፈልገህ አትድከም። እኔ ማንቼ ነኝ ሊቨርፑል ሲሸነፍ ደስ ነው ሚለኝ ግን እውነቱን ልንገርህ፣ እነዚህ ሰዎች ከ2019 ጀምሮ ፕሪሚየር ሊግ ላይ ቫር አምጥተው ስህተት ይቀንሳል አሉን፣ እሽ አልን። ከዛ ምን ሆነ፣ ሴፕቴምበር 30፣ 2023 ቶተንሃም ሜዳ ላይ የናንተው ዲያዝ ንፁህ ጎል አገባ። የመስመር ዳኛው ኦፍሳይድ አለ። ቫር ክፍል ያለው ሰውዬ ደግሞ መስመሩን አስምሮ ኦፍሳይድ እንዳልሆነ አይቶ፣ ሜዳ ላይ የተሰጠው ውሳኔ ጎል መስሎት «ጨርሰናል» አለ! ማለት ትክክለኛውን አይቶ የተሳሳተውን አፀደቀ። ጨዋታው ሲቀጥል ነቁ ግን አንዴ ከተጀመረ መመለስ አይቻልም ተብሎ ቀረ፣ ሊቨርፑል በማቲፕ ራሱ ላይ ባገባት 2 ለ 1 ተሸነፈ። በኋላ የዳኞቹ ማህበር የሰው ስህተት ነው ብሎ መግለጫ አወጣ። መግለጫ ነጥብ አይሆንም እኮ! ነጥቡ ሄደ።

አሁን ቤቲንግ የሚቆርጠው ልጅ ሁሉ፣ እኛ ሰፈር ቅዳሜ ቅዳሜ ስልኩን ይዞ ሚቀመጠው ሁሉ፣ ዳኛው ተገዝቷል ነው ሚለው። ተገዝቷል አልልም ማስረጃ የለኝም፣ ግን እንዲህ እየሆነ ሰው ቢጠረጥር አልፈርድበትም።

---

ፊሽካ ከፍኖተ ሰላም፦

የማርቆሱ ልጅ ጥያቄህ ጥሩ ነው። እኔ የዳኝነት ኮርስ ወስጄ ፍኖተ ሰላምና ቡሬ አካባቢ የወጣት ጨዋታ ነው የማጫውተው፣ ትልቅ ዳኛ አይደለሁም፣ ህጉን ግን አውቀዋለሁ።

ህግ 11 እንዲህ ነው ሚለው፣ ኦፍሳይድ ቦታ ላይ መቆም በራሱ ጥፋት አይደለም። ጥፋት የሚሆነው በጨዋታው ውስጥ ስትገባ ነው። ኳስ ከነካህ በቃ ጥፋት ነው። ካልነካህ ደግሞ ተጋጣሚን አውከሃል ወይ ተብሎ ይታያል፣ እዚህ ጋ ነው ነገሩ ሁሉ። በረኛው ኳሷን እንዳያይ በግልፅ ከጋረድከው፣ ኳሷን ለማግኘት ከተጋፋኸው፣ አጠገብህ ያለችን ኳስ ለመጫወት በግልፅ ሞክረህ ያ ተጋጣሚው ላይ ተፅዕኖ ካደረገ፣ ወይም ደግሞ በረኛው ኳሷን የመጫወት አቅሙን በግልፅ የሚጎዳ እንቅስቃሴ ካደረግህ ጥፋት ነው። የሲልቫ ጉዳይ የመጋረድ ጥያቄ ነበር፣ የሮበርትሰን ጉዳይ የእንቅስቃሴ ጥያቄ ነው። ሁለቱን አንድ አድርጎ ማየት ነው ሰውን የሚያጣላው።

ስቶንስ ሲገጭ የነበረውን ምስል አቁመህ እየው፣ ሲልቫ ከሆዜ ሳ ፊት ወጥቷል፣ በረኛው ስቶንስን ያያል ኳሷንም ያያል። ሜዳ ላይ ዳኛው «ጋርዶታል» ብሎ ነው የሻረው፣ ምስሉ ግን አልጋረደም አለ፣ ስለዚህ ሞኒተር ጋ ጠሩት። ሮበርትሰን ጋ ደግሞ ዋናው ነገር መጎንበሱ ነው፣ ግብ አፉ ላይ ሆኖ ኳሷ ስትመጣ ጎንበስ አለ፣ ያ መጎንበስ የሲቲውን በረኛ ዶናሩማን አዘግይቶታል ወይስ አላዘገየውም ነው ጥያቄው። ይሄ መስመር አስምረህ ምትለካው አይደለም። አንድ ዳኛ አዎ ይላል አንዱ አይ ይላል።

አሁን ዋናው ነገር፣ ቫር ጨዋታውን እንደገና አይዳኝም። ግልፅ ስህተት ካላየ ሜዳ ላይ የተባለውን ይተወዋል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ሃምሳ ሃምሳ ነገር ላይ መጀመሪያ የተባለው ነው የሚፀናው። የመስመር ዳኛው ባንዲራ ባያነሳ ኖሮ የቫንዳይክ ጎል ሳይነካ ይፀድቅ ነበር ብዬ ነው ማስበው። በኔ እይታ ደግሞ ጎል መሆን ነበረበት፣ ዶናሩማ ኳሷን እያያት ነው፣ ሮበርትሰን ባይኖርም ይደርስባታል ብዬ አላምንም። የተናደድከው በከንቱ አይደለም። ግን ሁለቱን ውሳኔ ማንም ሆን ብሎ «ለሲቲ እንዲህ፣ ለሊቨርፑል እንዲያ» ብሎ ያወጣቸው አይመስለኝም።

ሌላው ሰው የማያየው ነገር፣ ኮርና ሲመታ ዳኛ ኳስ አያይም። ኳሷ አየር ላይ እያለች እኔ ማየው ግብ አፉ ላይ ያለውን ግርግር ነው፣ ማን ማንን ማሊያ ይዞ ይጎትታል፣ ማን በረኛውን በትከሻው ይገፋል፣ ማን በክርኑ ይማታል። አስራ ምናምን ሰው እዛች ጠባብ ቦታ ውስጥ ነው። እኛ ጋ ደግሞ ክረምት ከሆነ መስመሩ በኖራ ተሰምሮ ሁለተኛው አጋማሽ ሳይጀመር ዝናብ አጥቦት ይሄዳል፣ የመስመር ዳኛ ሆኖ ሚቆመው ልጅም አንዳንዴ ከተመልካች መሃል የተጠራ ነው። ከኋላ ሁለት መቶ ሰው ኦፍሳይድ እያለ ይጮሃል። ከዛ መሃል ነው ፊሽካ ምትነፋው።

---

አባይ ማዶ፦

ከባህር ዳር። ማብራሪያው ግሩም ነው እናመሰግናለን። እኔ ግን ሚያንገበግበኝ ሌላ ነው፣ እኛ ስለ እንግሊዝ ቫር ስንጨቃጨቅ የራሳችን ሊግ ቫር የሚባል ነገር የለውም። የጣና ሞገዶቹን (ባህር ዳር ከተማን) የምንደግፍ ሰዎች ስንት ጊዜ አንገታችንን ደፍተን ወጥተናል። ጨዋታው በቴሌቪዥን ይተላለፋል፣ ሪፕሌዩን ሚሊዮን ሰው ያየዋል፣ ማየት የማይችለው ብቸኛው ሰው ዳኛው ነው! ቤቱ የተቀመጠው ሁሉ እያየ እሱ ብቻ እንዳያይ ማድረግ ለዳኛውም ግፍ ነው።

ናይጄሪያን ታስታውሳላችሁ? ኦክቶበር 13፣ 2013፣ አዲስ አበባ፣ የብራዚል ዓለም ዋንጫ የመጨረሻ ማጣሪያ። የሳላዲን ኳስ መስመር አልፋለች ብለን ዘለልን፣ ዳኛው አላለፈችም አለ። ቆይቶ በኃይሉ አሰፋ አገባልን፣ ሀገር ጉድ አለ፣ ከዛ ኢሜኒኬ አቻ አደረገ፣ 90ኛው ደቂቃ ላይ ደግሞ በሪጎሬ ደገመን። 2 ለ 1። ናይጄሪያ ካላባር ሄደን 2 ለ 0 ተሸነፍን፣ አለቀ። ይሄ ሲሆን እንግሊዞቹ እዛው የውድድር ዓመት ላይ የጎል መስመር ቴክኖሎጂ ጀምረዋል፣ ኳስ መስመር ሲያልፍ የዳኛው የእጅ ሰዓት ይነዝራል። በሀገራችን ታሪክ ውስጥ ከሁሉ የሚበልጠው ጨዋታ ላይ ግን አንድ ሰው ከሩቅ በዓይኑ ገምቶ ወሰነ። ሌሎች ስህተቱ ለኛም ለነሱም እኩል ነው ይላሉ፣ አይደለም፣ ገንዘብ ያለው ጋ ስህተቱ ይታረማል ሌላው ጋ ይቀራል።

---

ቡሬ እህት፦

እኔ ደግሞ ስለ ዳኞቹ ትንሽ ልናገር፣ ምክንያቱም ስንናደድ ሰው መሆናቸውን እንረሳለን። የካሜሩኑ አፍሪካ ዋንጫ ላይ፣ ጃንዋሪ 12፣ 2022፣ ቱኒዚያ ከማሊ ሲጫወቱ ዛምቢያዊው ዳኛ ሲካዝዌ 85ኛው ደቂቃ ላይ ጨዋታውን ጨረሰ፣ አስጀመሩት፣ ደግሞ 90 ሳይሞላ ጨረሰ። ዓለም ሳቀበት፣ ቪዲዮው እየተቆረጠ ዞረ። በኋላ ነው በሙቀቱ ታሞ እንደነበር የተሰማው። ሰውየው ሊሞት ይችል ነበር እኮ።

እኛ ከተማ ክረምት ላይ በሚደረግ የቀበሌ ውድድር አንድ ወጣት ልጅ ፍፃሜውን ዳኘ፣ መጨረሻ አካባቢ ሪጎሬ ሰጠ፣ ሰው ሜዳ ገባ። እኔ በዓይኔ አይቻለሁ፣ ኳሱ በእርግጥ በእጅ ተነክቷል፣ ግን ማን ሊሰማ። ማሊያው ተቀደደ፣ ሰዓቱ ጠፋ፣ ሽማግሌዎች ናቸው ከበው ያወጡት። ከዛ በኋላ ፊሽካ አልያዘም። አሁን ውድድር ሲመጣ ዳኛ ከሌላ ከተማ ነው ሚለመነው፣ ያውም አበል ተከፍሎ። ከዛ ደግሞ «ዳኛው የዛኛው ሰፈር ሰው ነው» ይባላል። ሴት ከሆንሽማ ሚሰደበው እናትሽ ድረስ ነው። ከኛ ዳኞች ሊዲያ ታፈሰ ዓለም ዋንጫ ደርሳለች፣ ባምላክ ተሰማ ለ2018 የሩሲያው ተመርጧል፣ እነሱ እንደዛ የደረሱት የሆነ ቦታ ላይ የሆነ ሰው ታግሶ ስላጫወታቸው ነው፣ እኛ ግን ያሉንን ልጆች ገና ሲጀምሩ እያባረርን ነው። በዚህ በጣም ነው ማዝነው።

---

ማንቼ ዳንግላ፦

እህቴ ልክ ነሽ ሜዳ ገብቶ መምታት ነውር ነው። እኔ ሚሊዮን ፓውንድ የሚዘዋወርበት ሊግ ላይ ያሉትን ነው ያልኩት። ፊሽካ የነገረንንም ሰምቻለሁ፣ ህጉ ገብቶኛል፣ ግን አልተዋጠልኝም። መጀመሪያ የተባለው ነው የሚፀናው ካልክ እኮ ቫር መኖሩ ምን ጠቀመ? 2024 ላይ ወልቭሶች ቫር ይቅር ብለው ክለቦቹን ድምፅ ሲያሰጡ 19 ለ 1 ነው የተሸነፉት፣ ሁሉም ክለብ ሲበደል ይጮሃል፣ ምረጥ ሲባል ይፈራል።

---

ፊሽካ ከፍኖተ ሰላም፦

ዳንግላ፣ ኦፍሳይድ ቦታ ላይ ነው አይደለም የሚለውን ጠቅሟል፣ እሱ በልኬት ነው፣ ከኤፕሪል 2025 ጀምሮ ደግሞ ግማሹን ማሽን ይሰራዋል። ያልጠቀመው አውኳል አላወከም የሚለው ላይ ነው፣ እሱን ማሽን አይነግርህም። እኔ ሚያናድደኝ ለሰው አለመናገራቸው ነው። 2023 የሴቶች ዓለም ዋንጫ ላይ ዳኛዋ ሞኒተር አይታ ስትመለስ በማይክ ለስታዲየሙ ትናገር ነበር፣ እንግሊዝ ጃንዋሪ 2025 ካራባኦ ካፕ ግማሽ ፍፃሜ ላይ ነው የጀመሩት። ባንዲራው ተነስቶ ሁለት ደቂቃ ዝም ብለህ ስክሪን ስታይ ነው ተንኮል ሚመስልህ።

ቡሬ እህት ያልሽው ልጅ ያሳዝናል። እኛ አሁን ከጨዋታ በፊት ሁለቱን አምበሎች ጠርቼ ከናንተ ሌላ ማንም መጥቶ እንዳያናግረኝ እላለሁ፣ 2024 ዩሮ ላይ ያደረጉትን ነው። አምበሉ ከጠየቀኝ ምን እንዳየሁ እነግረዋለሁ፣ እሱ ለልጆቹ ይነግራል። ጩኸቱ አልጠፋም ግን ከቦ መግፋቱ ቀንሷል።

---

የማርቆስ ቀይ፦

ጋሼ ፊሽካ እግዜር ይስጥልኝ፣ እንዲህ ነው ማስረዳት። ስክሪንሾት አድርጌ እነዛ ለማይነጋገሩት ልጆች ልኬላቸዋለሁ። አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ፣ ሲልቫ እኮ ኮርናው ሲመታ ሆዜ ሳን በጀርባው ሲገፋው በደንብ ይታያል! ያ ማወክ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው?

---

ፊሽካ ከፍኖተ ሰላም፦

ከኮርና በቀጥታ በመጣ ኳስ ኦፍሳይድ የለም። ስለዚህ ኮርናው ተመትቶ ስቶንስ ጋ እስኪደርስ ሲልቫ የትም ቢቆም ኦፍሳይድ ሊባል አይችልም። የኦፍሳይዱ ጥያቄ የሚጀምረው ስቶንስ ሲገጭ ነው፣ ያኔ ደግሞ ሲልቫ ለቆታል። መግፋቱን ካልክ እሱ ፋውል ነው ወይስ አይደለም ተብሎ ለብቻው ነው ሚታየው፣ ዳኛውም ቫሩም ፋውል አይደለም ብለው አልፈውታል። እኔ ብሆን እነፋው ነበር።