በየሳምንቱ እየኮተኮትኩ የጓሮዬ አረም ለምን ይበዛል?

ጠያቂ፦
ጤና ይስጥልኝ። በጓሮዬ ካሉት አራት መደቦች በሁለቱ ቲማቲምና ቃሪያ ተክያለሁ፤ በቀሩት ደግሞ ካሮት ዘርቻለሁ። በየሳምንቱ መሬቱን በዶማ በጥልቀት እየገለበጥኩ ባርምም፣ አረሙ በአሥር ቀን ውስጥ ከበፊቱ በዝቶ ይመለሳል። ከሁሉ ያስቸገረኝ በካሮቱ መካከል የበቀለው ሣር ነው፤ እሱን ስነቅል እንደ ክር የቀጠነው የካሮት ቡቃያ አብሮት ይወጣል። ጨው ብበትንበት እንደሚጠፋ የነገሩኝ ሰዎች አሉ። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ 1፦
ጨውን እባክዎ አይሞክሩት። አፈሩ ጨዋማ ከሆነ አትክልቱም ውሃ መሳብ ያቅተዋል፤ ጉዳቱም ቶሎ አይለቅም።

አረሙን የሚያበዛው ጥልቅ ቁፋሮው ይመስለኛል። በአፈር ውስጥ ለዓመታት ሳይበቅሉ የሚቆዩ እጅግ ብዙ የአረም ዘሮች አሉ፤ አብዛኞቹ ደቃቅ በመሆናቸው የሚበቅሉት ወደ ላይኛው አፈር ቀርበው ብርሃንና እርጥበት ሲያገኙ ስለሆነ፣ መሬቱን በገለበጡ ቁጥር ተቀብሮ የነበረውን ዘር እየቀሰቀሱት ነው። ስለዚህ ዶማውን ትተው፣ አረሙ ገና ቡቃያ ሳለ በስለታም መኮትኮቻ ከ2 እስከ 3 ሴንቲሜትር ብቻ ይፋቁት። አፈሩ ደርቆ ፀሐይ በወጣበት ጠዋት ከሠሩት የተቆረጠው ቡቃያ እስከ ማታ ይጠወልጋል።

በካሮቱ መካከል ያለውን ሣር ለጊዜው ከመንቀል ይልቅ በትንሽ መቀስ ከአፈሩ እኩል ይቁረጡት። ለሚቀጥለው ዘር ግን መደቡን ካለሰለሱ በኋላ ምንም ሳይዘሩ ያጠጡትና ከ2 እስከ 3 ሳምንት ይጠብቁ፤ የበቀለውን አረም ከላይ ብቻ ፍቀው አፈሩን ሳያገላብጡ ካሮቱን ይዝሩ። እኔ ይህን ከጀመርኩ ወዲህ የካሮት መደቤን የማርመው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው።

መልስ 2፦
ምክሩ ትክክል ነው፤ ነገር ግን ሣሩ ሰርዶ ወይም እንግጫ ከሆነ መፋቅ ብቻውን አይበቃም። ሰርዶ ከተቆረጠ ሥሩ ሁሉ ስለሚያቆጠቁጥ በዶማ መከታተፍ ማባዛት ነው፤ አፈሩን አላልተው ሥሩን ሳይበጥሱ በእጅ ይሳቡት። የእንግጫን ግንድ በጣትዎ ቢያሽከረክሩት ሦስት ማዕዘን አለው፤ ከሥሩ ያሉት ጠንካራ ድብልብሎች አፈር ውስጥ ከቀሩ መልሰው ይበቅላሉ። አዳዲስ ድብልብል ሳያፈራ፣ ገና አምስት ስድስት ቅጠል ሳያወጣ፣ ሳይሰለቹ መንቀል ያስፈልጋል።

ለቲማቲሙና ለቃሪያው ከ5 እስከ 10 ሴንቲሜትር የሚወፍር የገለባ ጉዝጓዝ ያልብሱት፤ ግንዱ እንዳይበሰብስ ትንሽ አራቅ ያድርጉለት። ጉዝጓዝ ብርሃን ስለሚከለክል ከዘር የሚበቅለውን አረም በእጅጉ ይቀንሳል፤ እንግጫ ግን በስቶት ይወጣል።

ጠያቂ፦
ከልብ አመሰግናለሁ። ግንዱን ሳሽከረክረው በእርግጥም ሦስት ማዕዘን ነው። የነቀልኩትን ኮምፖስት ውስጥ ልጨምረው?

መልስ 2፦
እንግጫውን አይጨምሩት። የኮምፖስቱ ክምር ለተከታታይ ቀናት ከ55 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ካልሞቀ ድብልብሉ ላይሞት ይችላል፤ አነስተኛ የቤት ክምር ደግሞ ብዙ ጊዜ ይህን ያህል አይሞቅም። አበባ ሳያወጣ የተነቀለውን ከዘር የሚበቅል አረም ግን ያለ ስጋት ይጨምሩ።