ሐረጎ ዳገት ላይ ብቻ የሚቆራርጥ ሞተር፦ ከካንዴላ ክፍተት ይሆን?

ጠያቂ (ኮምቦልቻ)፦
ሰላም ለሁላችሁም። ወደ ደሴ የምመላለስበት አሮጌ፣ ባለ ካርቡራተርና ኤሌክትሮኒክስ በሌለው ዲስትሪቢውተር የሚሠራ ኮሮላ አለኝ። አራቱንም ካንዴላዎች በአዲስ ካስለወጥሁ ወዲህ ሜዳ ላይ ምንም አይልም፤ ሐረጎን ስወጣ ግን ቤንዚን አብዝቼ ስሰጠው ይቆራርጣል። የገጠመልኝ መካኒክ ምክንያቱ ከፍታው ነው ይላል፤ እኔ ግን በአሮጌዎቹ ካንዴላዎች ይህንኑ ዳገት በሰላም እወጣው ስለነበር አላሳመነኝም። የአዲሶቹን ክፍተት (ብልጭታው በሚዘልባቸው በጎኑና በመካከለኛው ብረት መካከል ያለውን ርቀት) ሳስለካው 1.1 ሚሊሜትር ሆነ። ችግሩ ይህ ይሆን?

መልስ 1፦
ጥርጣሬዎ ትክክል ይመስለኛል። ብልጭታው ክፍተቱን ዘሎ ለማለፍ የሚፈልገው ቮልቴጅ ክፍተቱ በሰፋ ቁጥርም፣ በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ግፊት በጨመረ ቁጥርም ከፍ ይላል። ሜዳ ላይ ሲሊንደሩ የሚስበው አየር ጥቂት ስለሆነ ኮይሉ (ለካንዴላው ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚያመነጨው ዕቃ) ሰፊውንም ክፍተት ይወጣዋል፤ ዳገት ላይ ቤንዚን ሲሰጡት ግን ሲሊንደሩ ሞልቶ ስለሚታመቅ ቮልቴጁ ያንሰውና ብልጭታው ይቀራል። 1.1 ለኤሌክትሮኒክ ማቀጣጠያ የተለመደ ነው፤ ለእርስዎ ዓይነት ብዙውን ጊዜ 0.8 ገደማ ነው፤ ሆኖም የመኪናውን መመሪያ ያስቀድሙ።

መልስ 2 (ደሴ)፦
በከፍታው ጉዳይ መካኒኩ ተሳስቷል። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር፣ ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው፤ አየሩ ሲሳሳ በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ግፊት ስለሚቀንስ ብልጭታው ይቀልለታል እንጂ አይከብደውም። ከፍታ የሞተሩን ጉልበት ይቀንሳል፣ በካርቡራተር ለሚሠራ ሞተር ደግሞ ቤንዚኑን ከአየሩ አንጻር ያበዛበታል፤ የዚህ ምልክቱ አራቱም ካንዴላዎች ጥቁር ጥላሸት መያዛቸው ነው።

ሲያስተካክሉ ግን ከልክ በላይ እንዳያጠቡት። በእኛ ሰፈር በሰጌቶ ምላጭ የሚለኩ አሉ (እኔም ለዓመታት እንዲሁ አደርግ ነበር)፤ የምላጩ ውፍረት 0.6 አካባቢ ስለሆነ ለብዙ መኪና ይጠባል፣ ብልጭታው ትንሽ ሆኖ ሞተሩ በሚኒሞ (ቤንዚን ሳይሰጡት ሲሠራ) ይንቀጠቀጣል። የሚታጠፈው የጎኑ ብረት ብቻ ነው፤ መሣሪያውን በመካከለኛው ብረት ላይ አስደግፈው ከገፉ ሸክላው ይሰነጠቃል።

ጠያቂ፦
አመሰግናለሁ። መመሪያውም 0.8 ስለሚል አራቱንም በዚያው ልክ አስተካክዬ ትናንት ሐረጎን ወጣሁ፤ መቆራረጡ ቀርቷል። የሦስተኛው ካንዴላ ብቻ ጥላሸት ይዞ ስላገኘሁት ገመዱን ከሁለተኛው ጋር አቀያይሬ አየዋለሁ።