የስፓም ማጣሪያው ገጽ የአማርኛ ርዕሶችን «?????» ያደርጋል

ጠያቂ፦ ቢሯችን ስፓምአሳሲንን (የማይፈለግ ኢሜይል የሚያጣራ ፕሮግራም) የሚያስተዳድረው በፒኤችፒ (የድረ ገጽ መሥሪያ ቋንቋ) በተሠራ ገጽ ነው። የአማርኛ ርዕስ ያለው ኢሜይል ሲያዝ በጥያቄ ምልክት ብቻ ይታያል። የደንበኛውን ከአጭበርባሪው ሳልለይ እንዴት ልልቀቅ? የጨረታ ደብዳቤ ሊያመልጠን ነው፣ እባካችሁ እርዱኝ።

መልስ፦ ርዕሶቹ የሚቀመጡበት የዳታቤዝ ሰንጠረዥ ኢንኮዲንጉ (ፊደላት የሚመዘገቡበት ኮድ) ላቲን1 ይሆናል። ፊደላችንን አይዝም፤ የአማርኛንም ፊደል ወደሚይዘው ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 ቀይረው።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሰንጠረዡ ብቻውን አይበቃም። ኮዱ ከዳታቤዙ ጋር ሲገናኝም ያንኑ ኢንኮዲንግ መጠየቅ አለበት፤ ብዙ ሰው የሚያልፈው ይህን ነው። ጥያቄ ምልክት ሆኖ የተቀመጠው ግን አይመለስም። የተያዘው ኢሜይል ፋይል ካለ ርዕሱን ከዚያ እንደገና አንብበው።

ጠያቂ፦ ግንኙነቱ ነበር፣ ተባረክ! አሁን ደግሞ በገጹ በኩል የፈቀድኩት አድራሻ አሁንም ይያዛል።

መልስ፦ ገጹ የሚጽፈው ሎካል.ሲኤፍ (የስፓምአሳሲን ቅንብር ፋይል) ላይ ከሆነ ስፓምዲን (ከበስተጀርባ የሚሠራውን የስፓምአሳሲን ክፍል) ዳግም አስነሳው፤ ያለዚያ ለውጡን አያነበውም።