ዲሽ ወደ ኮምፒውተር፦ ቲቪ ለመቅዳት የትኛውን ርካሽ ካርድ ልግዛ?

የማታ ፈረቃ፦
ሰላም ለሁላችሁ። በሳምንት 4 ቀን የምሠራው ማታ ነው። የምከታተለው ድራማ የሚጀምረው ደግሞ ልክ እኔ ሥራ ስገባ ነው። ኮምፒውተሬ ቀድቶ ይጠብቀኝ ብዬ አሰብኩ። ዴስክቶፑ የቆየ ነው፣ ፕሮሰሰሩ (ሲፒዩው) ኮር 2 ዱዎ፣ ራሙ 4 ጊጋ። ቤት ያለው ተራ ዲሽ ነው። የማያቸው ቻናሎች ሁሉም ነጻ ናቸው።

3 ዓይነት ካርድ አይቻለሁ። አንደኛው የድሮ አናሎግ ፒሲአይ ካርድ ነው፣ በጣም ርካሹ እሱ ነው። ሁለተኛዋ ፍላሽ የምታክል ዩኤስቢ ናት፣ ላይዋ ላይ ዲቪቢ-ቲ ይላል። ሦስተኛው ዲቪቢ-ኤስ2 የሚል ፒሲአይ ኤክስፕረስ ካርድ ነው፣ ከሦስቱ ውዱ። ልቤ ወደ ርካሹ ነው፤ ግን ብሬን ሜዳ ላይ እንዳልበትነው ፈራሁ። ምን ትሉኛላችሁ?

ሽቦ ቆጣሪ፦
ወንድሜ፣ ዋጋውን ለጊዜው ተወውና ከጣሪያ የሚወርደውን ኬብል ተመልከት። ዲሽ ነው ካልክ ነገሩ አለቀ፤ የሚሆንህ ኤስ ያለበት ብቻ ነው። ዲቪቢ የዲጂታል ቲቪ ስርጭት ደረጃ ነው፤ ከኋላው ያለው ‹ቲ› ለአንቴና፣ ‹ኤስ› ለሳተላይት፣ ‹ሲ› ለኬብል ቲቪ ነው። የዲሹ ኤልኤንቢ (ዲሹ ፊት ለፊት ያለችው ሲግናል ተቀባይ) ወደ ቤት የሚልከው ከ950 እስከ 2150 ሜጋኸርዝ ያለውን ነው። ያቺ ዩኤስቢ የተሠራችው ከዚያ በታች ላለው የአንቴና ቲቪ ነው። ደግሞም ኤልኤንቢው ኤሌክትሪክ የሚያገኘው በኬብሉ በኩል ከተሰካበት ዕቃ ነው፤ እሷ ያንን አትሰጥም። ቻናል ፈልጊ ብትላት እስኪነጋ ዜሮ ነው የምታሳይህ።

ያቺን ‹2›ም አትናቃት። ኤስ2 ካርድ የድሮውን ኤስም ያነባል። ኤስ ብቻ የሆነው ግን አብዛኞቹን ኤችዲ ቻናሎች አያገኛቸውም።

አሮጌ ሲፒዩ፦
ስለ አናሎጉ እኔ ልመስክር፣ ቀምሼዋለሁና። የዲሽ ኬብል በቀጥታ አይሰካበትም። የሚሠራው ከሪሲቨሩ ቢጫውን የምስል ኬብልና ሁለቱን የድምፅ ኬብሎች አምጥተህ ስትሰካበት ነው። ያኔም ካርዱ የሚሰጥህ ጥሬ ምስል ነው፤ ማመቁ (ፋይሉ እንዲያንስ መጭመቁ) የሲፒዩው ዕዳ ነው። የኔ ማሽን ፋኑ እንደ ወፍጮ ይጮህ ነበር። ምስሉ ይዘላል፣ ድምፁ ከከንፈር ይቀድማል። ማመቂያ ቺፕ ያላቸው ካርዶችም ነበሩ፤ የሃውፖጅ ፒቪአር-150 ራሱ ወደ ኤምፔግ-2 (የታመቀ የቪዲዮ ዓይነት) ቀይሮ ነው የሚያቀብልህ። በጣም ርካሽ ያልከው ግን እንደዚያ ይሆናል ብዬ አልገምትም።

ከሁሉ የሚብሰው፣ ሪሲቨሩ በርቶ ቻናሉ ላይ መቆየት አለበት። አንድ ሰው ሪሞት ከነካ፣ ስትመጣ የምታገኘው ድራማህን ሳይሆን የአየር ሁኔታ ነው።

በዲጂታል ካርድ ይሄ ሁሉ ጣጣ የለም። ከሰማይ የሚመጣው ታምቆ ነው፤ ካርዱ ተቀብሎ እንዳለ ሃርድ ዲስክ ላይ ያሰፍረዋል። ኮር 2 ዱዎህ አይሰማውም እንኳ። የቀዳኸውን ኤችዲ ስታጫውት ግን ግራፊክስ ካርዱ ካላገዘው ሊንተፋተፍብህ ይችላል።

እማማ ሪሞት፦
ልጄ፣ ከመግዛትህ በፊት የኮምፒውተሩን ክዳን ክፈትና ማዘርቦርዱን እይ። ረዘም ያለችው፣ ብዙ ጊዜ ነጭ የሆነችው ቀዳዳ ፒሲአይ ናት። ለነዚህ ካርዶች የምትሆነው ፒሲአይ ኤክስፕረስ አጭር ናት፣ 2.5 ሳንቲ ሜትር ገደማ። አንዱ በሌላው አይገባም። አጭሯ ከሌለችህ፣ የግራፊክስ ካርድ የሚገባበት ረጅሙ ቀዳዳ ባዶ ከሆነ እሱም ይቀበለዋል። እኔ ሳላይ ገዝቼ ካርዱ 2 ወር መሳቢያ ውስጥ ተኝቷል።

ደግሞ ሪሲቨርህ ዩኤስቢ ካለውና ሜኑው ውስጥ ‹ሪከርድ› የሚል ካለ፣ ካርድም ላያስፈልግህ ይችላል። ፍላሽ ሰክተህ ሞክረው።

የማታ ፈረቃ፦
እማማ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሪሲቨሩ ዩኤስቢ አለው፤ ግን ፊልም ማጫወት እንጂ መቅዳት አያውቅም። ክዳኑንም ከፈትኩት። አጭሯ ቀዳዳ አለች፣ አቧራ ብቻ ነው የሞላት። ስለዚህ ወደ ኤስ2 አዘንብያለሁ። አንድ ነገር ቀረኝ፦ ቤተሰቡ ሌላ ቻናል እያየ እኔ እንድቀዳ ኬብሉን በስፕሊተር ለሁለት ብከፍለውስ?

ሽቦ ቆጣሪ፦
አትሞክረው። ኤልኤንቢው ትእዛዝ የሚቀበለው በዚያው ኬብል ነው። 13 ቮልት ሲላክለት ቨርቲካሉን (በቁም የሚላከውን ሲግናል)፣ 18 ሲላክለት ሆሪዞንታሉን (በአግድም የሚላከውን) ይሰጣል። 22 ኪሎኸርዝ የሆነች ምልክት ደግሞ ከታችኛው ባንድ (የፍሪኩዌንሲ ክልል) ወደ ላይኛው ታሻግረዋለች። ሪሲቨሩ 13፣ ካርድህ 18 ቢልኩ አንዱ ያሸንፋል፤ ሌላው ‹ሲግናል የለም› ይላል። ከዚያ ቤት ውስጥ ጠብ ነው። ሁለት መውጫ ያለው ኤልኤንቢ ግዛና ሁለተኛ ኬብል አውርድ። ወጪ ከጨመርክ እዚህ ላይ ጨምር።

ፔናልቲ ያመለጠው፦
ስለ ማስቀመጫውም አስቡለት እንጂ! በሰከንድ 4 ሜጋቢት የሚላክ ተራ ቻናል በሰዓት 1.8 ጊጋባይት ይበላል። 8 ሜጋቢት የሆነ ኤችዲ 3.6 ይደርሳል። እኔ አንድ የዋንጫ ጨዋታ ፎርማቱ ፋት32 በሆነ ኤክስተርናል ዲስክ ላይ ቀዳሁ። ፋት32 ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀበልም። ጨዋታው ተራዘመ፤ የተጨማሪው ሰዓት መጨረሻ ላይ ሰውየው ኳሷን ሊያሻማ እግሩን እንዳነሳ ፋይሉ አለቀ። የዲስክህን ፎርማት ኤንቲኤፍኤስ አድርገው።

አሮጌ ሲፒዩ፦
ሶፍትዌር ላይ ገንዘብ አታውጣ። ዊንዶውስ ከሆነ ኔክስት ፒቪአር ነጻ ነው፣ ሊኑክስ ከሆነ ቲቪሄድኤንድ። ሚዲያ ሴንተር (ዊንዶውስ ራሱ ይዞት ይመጣ የነበረው የቲቪ ፕሮግራም) የሚሉህ ካሉ፣ ከዊንዶውስ 10 ጀምሮ የለም። ለካርዱ ከመክፈልህ በፊት ለምትጠቀምበት ዊንዶውስ ድራይቨር (ካርዱን የሚያሠራው ሶፍትዌር) እንዳለው አረጋግጥ፤ ርካሽ ካርዶች ብዙ ጊዜ የሚሞቱት እዚያ ላይ ነው። ኮምፒውተሩ ስሊፕ ገብቶ በሰዓቱ እንዲነቃ ደግሞ ፓወር ሴቲንግ ውስጥ ‹ዌክ ታይመር› የሚለውን ፍቀድለት። አለዚያ ሌሊቱን ሙሉ ይተኛል።

የማታ ፈረቃ፦
የገዛሁት ኤስ2ውን ነው፤ ኤልኤንቢውም ተቀየረ። ዛሬ ጠዋት ከሥራ ስመለስ 1.7 ጊጋባይት ፋይል ቁጭ ብሎ ጠበቀኝ! ምስሉ እንደ ቀጥታው ነው። ችግሩ፣ የመጀመሪያው 6 ደቂቃ ማስታወቂያ ነው፤ መጨረሻው ደግሞ ልጅቷ በሩን ልትከፍት ስትል ተቆረጠ።

እማማ ሪሞት፦
ጣቢያዎቹ ሰዓት አያከብሩም፣ ልጄ። ሴቲንጉ ውስጥ ከመነሻው 5 ደቂቃ ቀድሞ እንዲጀምር፣ ከማለቂያው 15 ደቂቃ እንዲያሳልፍ አድርገው። በሩን ማን እንዳንኳኳ እኔ አይቻለሁ፤ ግን አልነግርህም።